አይጥ ካሳ አይጠይቅም

አክስቴ የምትኖረው አሪቻ ነው፤ ከይርጋጨፌ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቡናና እንሰት በሸፈነው ዳገት ላይ። ቡና ሲደርስ ከጥቅምት ጀምሮ ማጠቢያ ጣቢያ ትውላለች። ሥራዋ ለቀማ ነው። የታጠበው ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይደረደሩና አንገታቸውን ደፍተው የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበላውን እየለዩ ያወጣሉ። ፀሐይ ሲከር ቡናው ይሸፈናል፣ ሲበርድ ይገለጣል፣ ይገላበጣል፣ እንደገና ይለቀማል። ቤት ስትገባ ደግሞ የሚፋቅ እንሰትና የሚቀዳ ውኃ ይጠብቃታል። ወገቧን ማመም ከጀመራት አምስት ዓመት አልፏል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቡናው ሲያልቅ ሕመሙም አብሮ ያልቅ ነበር። ኋላ ግን ቡናው አልቆ እሱ ቀረ። አሁን ከወገቧ ተነሥቶ በጭኗ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይነዝራታል፤ የቀሚሷ ጫፍ እግሯን ሲነካት ጩኸት የሚያመልጣት ቀን አለ።

አምና ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተው፣ ረጅም መንገድ ወስደው ኤምአርአይ አስነሷት። ትልቅ ፖስታ ይዛ ተመለሰች። ፊልሙን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝሁት። የአከርካሪዋ አጥንቶች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል፣ በመካከላቸው ዲስኮቹ አሉ፣ ከኋላቸው ኅብለ ሰረሰሩ እየሳሳ ወርዶ ጭራ በመሰሉ ነርቮች ያልቃል። ሁሉም በቦታው ነው። ያነበበላት ሐኪም «እናቴ፣ ምስሉ ንጹሕ ነው፤ ምንም የለብዎትም» ብሏታል። ሊያረጋጋት ብሎ እንደ ተናገረው አልጠራጠርም። ቃሉ አሪቻ ከገባ በኋላ የሠራውን ግን አይቻለሁ። ባሏ «ማሽኑ ምንም የለም አለ እኮ» አለ። ጎረቤት «ሐሳብ ነው» አለች። የጣቢያው ካቦ እረፍት ስትጠይቀው «ጤነኛ ነሽ ተብለሻል አይደል?» አላት። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ስለ ወገቧ አታወራም። ሕመሙ አልተዋትም፤ ውሸታም መባሉን ፈርታ ነው ዝም ያለችው።

ፊዚዮሎጂ ስለማስተምር ነገሩን እንደ ቤተሰብ ወሬ ሰምቼ ላልፈው አልቻልሁም። «ምስል ያላሳየው ሕመም የለም» የሚለውን እምነት በአንድ ሐኪም ላይ ብቻ መጫን ደግሞ ግፍ ነው፤ ሁላችንም ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ ያምነዋል፣ አሠሪው ያምነዋል፣ ዘመድ ያምነዋል፤ ከሁሉ የሚከፋው ታማሚው ራሱ ያምነዋል። «ማሽን አይዋሽም» ይባላል። እኔ ደግሞ ይህ እምነት ሐሰት ነው እላለሁ። ሐሰትነቱን ከማንም በላይ አጥርተው ያሳዩት ማግኔት ውስጥ የተኙ አይጦች ናቸው።

በመጀመሪያ ማሽኑ የሚያየውንና የማያየውን እንለይ። ኤምአርአይ በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ቀስቅሶ፣ የሚመልሰውን ምልክት ወደ ምስል ይለውጣል። ዕጢ ካለ፣ መግል ካለ፣ በአገራችን የስንቱን ጀርባ ያጎበጠው የአከርካሪ ቲቢ ካለ፣ ኅብለ ሰረሰሩ ከተጨፈለቀ ያሳያል። ለዚህ ሥራ ወደር የለውም። ሌሊት ላብ የሚያጠምቀው፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ እግሩ የሚዝልበት፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው የወገብ ታማሚ ነገ ዛሬ ሳይባል ኤምአርአይ መነሣት አለበት። ስለዚህ «ምስሉ ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል የምሥራች ነው። ጥፋቱ ያለው ቀጥሎ በመጣው «ምንም የለብዎትም» ላይ ነው። የፊተኛውን ማሽኑ ተናግሮታል። የኋለኛውን የተናገረው ሰው ነው።

ተቃራኒውን ብናይ ደግሞ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርባቸውን ጨርሶ የማያማቸው ሰዎች ምስል የተመረመረባቸው ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ታትመው ነበር። የዲስክ ማርጀት ከ20 ዓመት ወጣቶች በ37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች በ96 በመቶው ላይ ታየ። ምንም የማያማቸው ሰዎች! ይህን ይዛችሁ «ዲስክ ነው ተባልሁ» ብሎ ላሙን የሸጠውን ሰው አስቡት። ምስል ሕመም የሌለበት ላይ ጉዳት ያሳያል፤ ሕመም ያለበት ላይ ዝም ይላል። እንዲህ ያለውን ምስክር በሰው እውነተኛነት ላይ ፈራጅ አድርገን ያስቀመጥነው እኛ ነን።

የምስልን ዝምታ ለማወቅ ከአገራችን ታሪክ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጓያን እናስብ። ድርቅ መጥቶ ሌላው ሰብል ሲጠፋ ጓያ ይተርፋል፤ ሌላ የሚበላ ያጣ ገበሬ ወራት ሙሉ እሱን ብቻ ሲበላ እግሩ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ በምርኩዝ ነው። በደንቢያና በፎገራ ይህን በሽታ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት እየዞሩ አጥንተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽም ወሎ ውስጥ ደላንታን መትቷል። የጓያ ቅርብ ዘመድ የሆነ ኮንዞ የሚባል በሽታ አለ፤ በቅጡ ካልተዘጋጀ መራራ ካሳቫ የሚመጣ፣ እግርን በተመሳሳይ መንገድ የሚይዝ። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት የኮንዞ ታማሚዎች ኤምአርአይ ሲነሡ የአንጎላቸውም የኅብለ ሰረሰራቸውም ምስል ጤናማ ሆኖ ተገኘ። ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርደው መንገድ ግን በሌላ መሣሪያ ሲፈተሽ መልስ አልሰጠም። እንግዲህ መራመድ ያቃተውን ሰው «ምስልህ ንጹሕ ነውና ተነሥተህ ሂድ» የሚለው ማን ነው? ሽባነት በዓይን ስለሚታይ ማንም አይደፍርም። ሕመም ግን በዓይን አይታይምና በአክስቴ ላይ ሁሉም ይደፍራል።

አሁን ወደ አይጦቹ ልምጣ።

የአንጎልን ሥራ በማግኔት የማየት ጥበብ ራሱ የተጀመረው በአይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሴጂ ኦጋዋ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ በአሜሪካው የቤል ቤተ ሙከራ ሲሠራ አይጦችን በ7 ቴስላ ማግኔት ውስጥ (ቴስላ የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው) አስተኝቶ የሚተነፍሱትን አየር ይለዋውጥ ነበር። በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲቀንስ በአንጎላቸው ምስል ላይ የደም ሥሮቹ ጥቁር መስመር ሆነው ወጡ። ደም ኦክስጅን ሲይዝና ሲለቅ በማግኔት ፊት ጠባዩ ይለያያልና። ዛሬ «አንጎል ሲሠራ ታየ» እየተባለ የሚቀርበው ባለ ቀለም የማግኔት ምስል በአብዛኛው ከዚያ የተወለደ ነው። በየሆስፒታሉ የሚገኘው ማግኔት ግን ከኦጋዋው ያነሰ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ።

ከዚያ በኋላ የሕመም ተመራማሪዎች የሠሩትን ላስረዳ። የአይጥ ትልቁ የእግር ነርቭ ታች ላይ በሦስት ይከፈላል። በማደንዘዣ አስተኝተው ሁለቱን ቅርንጫፍ አስረው ይቆርጣሉ፤ ሦስተኛውን አይነኩትም። ቁስሉ ይድናል፤ አይጧ ትበላለች፣ ትሄዳለች። ከዚያ ባልተቆረጠው ነርቭ ሥር ያለውን የመዳፏን ጠርዝ በቀጭን ክር ነካ ያደርጉታል። ጤነኛ አይጥ ያን ክር ልብም አትለው። ይህች ግን እግሯን መንጭቃ ታነሣለች፣ ትልሰዋለች፤ ለሳምንታት፣ ለወራት። ይህን ባነበብሁ ቁጥር የአክስቴ የቀሚስ ጫፍ ፊቴ ይደቀናል።

በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ እንዲህ ያሉ አይጦችን ከቀዶ ጥገናው በፊትም በኋላም ለወራት ደጋግመው ኤምአርአይ አነሡ። አይጧ በሆዷ ትተኛለች፤ ጭንቅላቷ እንዳይነቃነቅ የፊት ጥርሶቿ በትንሽ ዘንግ ይያዛሉ፤ ሙቀቷ እንዳይወርድ ይሞቅላታል፤ ትንፋሿ ይቆጠራል። ምን ተገኘ? የተቆረጠው ነርቭ ያለው እግር ላይ ነው። ወራት ሲያልፉ ግን የአንጎሏ የፊት ክፍል መጠኑ ቀነሰ። ከዚሁ ጋር አብሮ አይጧ የጭንቀት ጠባይ ማሳየት ጀመረች።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ሕመሙ ቀደመ፤ ጭንቀቱ ከወራት በኋላ መጣ። እኛ አገር «ሐሳብ ነው ያመማት» ሲባል ነገሩ ተገልብጦ ይነገራል። አንዲት ሴት ለዓመታት ከሕመም ጋር ስትተኛና ስትነሣ ኖራ ከከፋት፣ ከተጨነቀች፣ እንቅልፍ ካጣች፣ መክፋቷን የሕመሟ ምክንያት አድርገን እንከስሳታለን። አይጧ ላይ ከጉዳቱ በፊት የተነሣ ምስል አለ። የጉዳቱን ዕለት እናውቀዋለን፤ ያደረስነው እኛ ነንና። በሰው ላይ እንዲህ ያለ ማስረጃ ማግኘት እጅግ ይከብዳል፤ ከመታመሙ በፊት ማግኔት ውስጥ የገባ ገበሬ የለም።

ክርክሬ የቆመበት ድንጋይ ይህ ነው። ታማሚን የሚጠረጥር ሰው መሠረቱ «ይጠቅማት ይሆናል» የሚል ነው። ሥራ ለመሸሽ ነው፣ ካሳ ለማግኘት ነው፣ ባሏ እንዲያዝንላት ነው፣ ሰምታ የያዘችው ነው ይላል። አይጥ ካሳ አይጠይቅም። ከካቦ እረፍት አይለምንም። ወሬ ሰምቶ አይታመምም። እነዚህ ሁሉ ምክንያቶች በሌሉበት፣ ቁስል ከዳነ በኋላ ሕመም ወራት እንደሚኖርና አንጎልን እንደሚለውጥ ካየን፣ «የዳነ ነገር አያምም» የሚለው ሕግ እዚያው ተሽሯል። ለሰው ሲሆን ብቻ የሚሠራበት ምክንያት የለም።

ኅብለ ሰረሰርም የራሱ ታሪክ አለው። ክሊፎርድ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1983 በአይጦች ላይ ባሳየው ሥራ፣ ከጉዳት በኋላ ሕመምን የሚያበዛው የቆሰለው ሥፍራ ብቻ እንዳልሆነ አረጋገጠ፤ ኅብለ ሰረሰሩ ራሱ ይነቃል፣ ትንሹን መልእክት አጉልቶ ወደ አንጎል ይልካል። ይህን ንቃት በማግኔት ማየት እጅግ አድካሚ ነው። የአይጥ ኅብለ ሰረሰር ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጎኑ ሳንባ ይነፋል፣ ልብ ይመታል፣ አጥንት ይከበዋል፤ ምስሉ በየትንፋሹ ይንቀጠቀጣል። ያም ሆኖ ተሳክቷል። የተሳካው ግን ከሆስፒታል ማግኔት በሚበልጥ ኃይል፣ ብዙ አይጦችን ደምሮ በማነጻጸር፣ በረቀቀ ስሌት ነው። ወገቡን አሞት ግማሽ ሰዓት የተነሣ አንድ ሰው ፊልም ላይ ይህ ንቃት አይወጣም። ስለዚህ «አልታየም» የሚለው ቃል ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሆን አይችልም፤ ጥያቄው ለዚያ ማሽን ቀርቦ አያውቅምና።

ሌላም ሙከራ አለ፤ ለአሪቻ ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። የአይጥ መዳፍ በሚያቆጣ ንጥረ ነገር እንዲያብጥ ይደረጋል፤ እብጠቱ ይወርዳል፣ መዳፉ ጤናማ ይሆናል፣ ሕመሙም ይጠፋል። ከሳምንት በላይ ቆይቶ ሕመም ቀስቃሽ ነገር በጥቂቱ ሲሰጠው፣ በጤነኛ አይጥ ላይ በጥቂት ሰዓት የሚያልፈው ሕመም በዚህኛው ላይ ቀኑን አልፎ ይቆያል። ነርቩ የፊተኛውን ጉዳት ይዞታል። የቡና ወቅት መጥቶ ይሄዳል፣ ወገብ ይድናል፤ ሌላ ወቅት ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቡናው ሲያልቅ የሚያልቀው ሕመም በአምስተኛው ዓመት ለምን እንደ ቀረ ከዚህ የተሻለ ፍንጭ አላገኘሁም።

አሁን የሚነሣብኝን ልመልስ። «አይጥ ሰው አይደለም» ይባላል። ልክ ነው፤ ይህን ቸል ያሉ ሰዎች ብዙ ገንዘብና ተስፋ አባክነዋል። ሰብስታንስ ፒ የተባለውን የሕመም መልእክተኛ የሚዘጉ መድኃኒቶች በአይጥ ላይ ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰው ሲሞከሩ ሕመም ሳያስታግሱ ቀሩ። ማግኔት ውስጥ ያለችው አይጥ አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ ወስዳለች፤ ማደንዘዣው ራሱ የአንጎልን ሥራ ይለውጣል። ከዚህ የባሰ ነውርም አለ። ፔይን በተባለው መጽሔት በአሥር ዓመት ውስጥ የወጡ የአይጥ ጥናቶች ሲቆጠሩ 79 በመቶው ወንድ አይጥ ብቻ የተጠቀሙ ነበሩ፤ ሥር በሰደደ ሕመም ይበልጥ የሚሠቃዩት ግን ሴቶች ናቸው። ይህን ሁሉ አምናለሁ። ሆኖም እኔ ከአይጧ መድኃኒት አልተበደርሁም። የተበደርሁት አንድ ማስተባበያ ነው፤ ለማስተባበል ደግሞ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ይበቃል።

ስለ እንስሳቱ ሥቃይ የሚቆረቆር ሰው ካለ መቆርቆሩ ትክክል ነው። የምስል ጥበብ በዚህ በኩል አንድ መልካም ነገር አመጣ። ድሮ በየሳምንቱ የሚሆነውን ለማወቅ በየሳምንቱ አይጥ ገድሎ አንጎሏን መክፈት ግድ ነበር፤ አሁን አንዷን አይጥ በሕይወት እያለች ደጋግሞ ማየት ይቻላል። በእነሱ ሥቃይ የተገኘውን እውቀት መጽሔት ውስጥ ቆልፎ መተው ግን ግፉን እጥፍ ያደርገዋል።

በሌላ ወገን የሚመጡም አሉ፦ «እንግዲያውስ የሚበልጥ ማሽን እናምጣ፤ ሕመምን በአንጎል ምስል ለክቶ ውሸታሙን ከእውነተኛው ይለይ» የሚሉ። ይህንንም እቃወማለሁ፤ ያው እምነት በውድ ልብስ ነውና። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 የአንጎል ምስል የአንድን ሰው ሕመም ለማረጋገጥም ለማስተባበልም በፍርድ ቤት እንዳይቀርብ መክሯል። በ2020 የተሻሻለው የማኅበሩ ትርጓሜም ሕመም ምንጊዜም የሰውዬው የራሱ ስሜት እንደሆነ፣ አመመኝ ሲል ቃሉ ሊከበር እንደሚገባ ያስቀምጣል። በሰው ሕመም ላይ ዋናው ምስክር ቃሉ ነው። አይጧን ክር እየነካን የምንጠይቃት ቃል ስለሌላት ነው። አክስቴ ቃል አላት።

የሐኪም ቃልም ተራ ነገር እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2009 በሃምቡርግ ሰዎች ኅብለ ሰረሰራቸው በማግኔት እየታየ ክንዳቸው በሙቀት እንዲያማቸው ተደረገ። በአንዱ የክንዳቸው ክፍል ላይ «የሕመም ማስታገሻ ነው» ተብሎ መድኃኒት የሌለበት ቅባት ተቀባ። በዚያ ክፍል ሕመማቸው ቀለለ፤ በኅብለ ሰረሰራቸው ውስጥ የሚታየው ምላሽም ቀነሰ። የሰማነው ቃል ከጆሮ ተነሥቶ እስከ አከርካሪ ውስጥ ይወርዳል ማለት ነው። «ምንም የለብዎትም» የሚለው ቃልም የሚያርፍበት አለው።

አሪቻ ያለው በጌዴኦ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ትራክተር በማይወጣው ዳገት ላይ ያን እንሰት፣ ያን ቡና፣ ያን ዛፍ ያቆየው የሰው ወገብ ነው። ያ ወገብ ሲያም ደግሞ ባለቤቱ ፊልም ይዞ እንዲመሰክር ይጠየቃል።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ሐኪሙ «ምንም የለብዎትም» በማለት ፈንታ እንዲህ ይበላት፦ «እናቴ፣ ዕጢም ቲቢም የለም፣ አከርካሪዎ አልተሰበረም፤ ይህ ደስ የሚል ነው። ሕመምዎ ግን እውነት ነው፤ ነርቩ ነቅቶ አልተኛ ብሎ ነው።» አሚትሪፕቲሊን ሲያዝላት ምን እንደሆነ ያስረዳት፤ ለነርቭ ሕመም በዓለም ሁሉ የሚሰጥ፣ ከአንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚወርደውን ማስታገሻ መንገድ የሚያግዝ ክኒን እንደሆነ ይንገራት። አለዚያ ጎረቤት ስሙን አንብቦ «የአእምሮ መድኃኒት ነው» ሲላት ትጥለዋለች፤ አንዲት የመንደራችን ሴት ስትጥለው አይቻለሁ። ጣቢያዎች የለቀማ አልጋውን ከሴቶቹ ቁመት ጋር ያመጣጥኑ፤ በየሰዓቱ ቀና ብለው የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ ይስጧቸው። የጤና ትምህርት ቤቶቻችን ደግሞ ተማሪው ፊልም ማንበብ ከመማሩ በፊት ፊልም ሊያነበው የማይችለውን ያስተምሩት።

የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር 11ኛ እትም ሥር የሰደደ ሕመም ራሱን ችሎ እንደ በሽታ ተመዝግቦ መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሌላ ምክንያት በምስል እስኪገኝለት አይጠብቅም። የአክስቴን ካርድ አገላብጬ አይቻለሁ። በእጅ የተጻፈው «ኖርማል» የሚል አንድ ቃል ነው፤ ከሥሩ ያለው መስመር ባዶ ነው። እዚያ መስመር ላይ ሕመሟ በስሙ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ ለካቦው፣ ቀጥሎ ለባሏ ወስዳ የምታሳየው እንዲኖራት።